በጉዲፈቻ የተለያዩ ቤተሰቦች እንዴት ይፈላለጋሉ? ከመዝገቡ እስከ መጀመሪያው ቡና

ኢትዮጵያ ልጆች በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር እንዳይሄዱ በሕግ የከለከለችው በጥር 2010 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 በላይ ልጆች ሄደዋል፤ ስፔን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ሆላንድ፣ ቤልጅየም፣ ዴንማርክ፣ ስዊድን፣ ካናዳና አውስትራሊያ የገቡት ሳይቆጠሩ። ነገሩ ጫፍ በደረሰበት በ2002 ዓ.ም. (2010 እ.ኤ.አ.) በአንድ ዓመት ውስጥ አሜሪካ የገቡት ከ2,500 በላይ ነበሩ። ያኔ በእቅፍ አውሮፕላን የተሳፈሩት ዛሬ ጎረምሳና ኮረዳ ሆነው "የወለደችኝ ማን ናት?" እያሉ ነው። እናቶቹም አልረሱም። ልጃቸው ይኑር አይኑር ሳያውቁ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ሰው እንደጎደለ የሚቆጥሩ ብዙ ናቸው።

ይህ መመሪያ ልጇን ለምትፈልግ እናትና ለዘመዶቿ፣ ቤተሰቡን ለሚፈልግ ልጅ፣ እንዲሁም በመሐል ቆሞ ለሚያስተረጉመው አማርኛ ተናጋሪ የተጻፈ ነው። ሦስተኛው ሰው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ነገሩን የሚያቃናውም የሚያበላሸውም ግን እሱ ነው።

መጀመሪያ ደብተር፣ ከዚያ ቢሮ

ብዙ ሰው ፍለጋውን የሚጀምረው ከቢሮ ነው። መጀመር ያለበት ግን ከቤት፣ ከእናቲቱ ትዝታ ነው። ወረቀቱን የጻፉት ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ እናቲቱ ግን የሆነውን በዓይኗ ያየች ምስክር ናት። ቢሮ ለቢሮ ከተዞረ በኋላ የሚገኘው ወረቀት ትዝታዋን ሊያምታታባት ስለሚችል፣ ምንም ወረቀት ሳታይ በፊት የምታስታውሰው ሁሉ ይጻፍ። መጻፍ ካልቻለች በስልክ ድምፅ ይቀዳ።

የሚጻፈው ይህ ነው፦ ልጁ ቤት ውስጥ የሚጠራበት ስም፣ የክርስትና ስም ካለው እሱም፣ ስንተኛ ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደተወለደና ማን እንዳዋለደ። ቀን ካልታወቀ በበዓልና በወቅት ይያዝ፦ "ለጥምቀት ሳምንት ሲቀረው"፣ "በቆሎ ሲሸት"፣ "በ97ቱ ምርጫ ዓመት"፣ "ሚሊኒየሙ ሲከበር"። ልጁን ለመውሰድ መጀመሪያ ቤት የመጣው ማን ነበር? የቀበሌ ሰው፣ የሃይማኖት ሰው፣ ደላላ ወይስ ዘመድ? ምን ብሎ ነበር? ጣት አሻራ የተወሰደው የት ነው፣ ስንት ጊዜ ነው፣ የተፈረመው በየትኛው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይ ነው? ልጁ መጀመሪያ የተወሰደበት ማሳደጊያ በየትኛው ከተማ ነው? አሳዳጊዎቹን በአካል አይታቸው ከሆነስ ምን ይመስሉ ነበር?

አንድ ነገር ለብቻው ይቀመጥ። ልጁ ሰውነት ላይ ያለ ጠባሳ፣ ማሪያም የሳመችው ምልክት፣ ቃጠሎ ወይም ሌላ ለውጭ ሰው የማይታወቅ ነገር ካለ ይጻፍ፤ ነገር ግን ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ በፍጹም አይለጠፍ። "ልጅሽ ነኝ" ወይም "ልጅሽን አግኝቼዋለሁ" የሚል ሰው ሲመጣ የምትጠይቁት ጥያቄ እሱ ነው። ምልክቱን አስቀድማችሁ ለዓለም ከነገራችሁ መፈተኛ አይኖራችሁም።

በልጁ በኩልም እንደዚሁ ነው። ትልቅ ሆኖ የሄደ ልጅ፣ አራት ወይም አምስት ዓመት የሞላው እንኳ፣ የቤቱን በር አቅጣጫ፣ የወንዝ ድምፅ፣ የወንድሙን ቅጽል ስም ሊያስታውስ ይችላል። አሳዳጊዎቹ "ተሳስተሃል፣ ወረቀቱ እንዲህ አይልም" ብለውት አድጎ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የተሳሳተው ወረቀቱ ነው።

ወረቀቱ ለምን ይዋሻል?

ወረቀቱ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ ምክንያታቸውን ያወቀ ሰው ከስሕተቱ ውስጥ እውነቱን ማውጣት ይችላል።

የመጀመሪያው የወላጅ ሞት ነው። የአሜሪካ ሕግ አንድ ልጅ በጉዲፈቻ እንዲገባ "ወላጅ አልባ" መሆኑን ይጠይቃል፦ ሁለቱም ወላጆች የሉም፣ ወይም የቀረው አንድ ወላጅ ማሳደግ አቅቶት በጽሑፍ ለቅቋል መባል አለበት። አባትና እናት በአንድ ጣሪያ ሥር እያሉ የተወሰደ ልጅ ከዚህ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ በሕይወት ያለ አባት "ሞቷል" ተብሎ የተጻፈባቸው፣ እናት "አድራሻዋ አይታወቅም" የተባለችባቸው፣ አክስት እንደ እናት ቀርባ የፈረመችባቸው፣ ቤተሰቡ የሚታወቅ ልጅ "ተጥሎ ተገኘ" ተብሎ የፖሊስ ማስረጃ የተጻፈለት ጉዳዮች አሉ። "ሞተዋል" የሚል ወረቀት ያለው ልጅ ፍለጋውን ሳይጀምር መተው የለበትም።

ሁለተኛው ዕድሜና ቀን ነው። አሳዳጊዎች ትንሽ ልጅ ስለሚፈልጉ ዕድሜ ዝቅ ተደርጎ ይጻፍ ነበር። ቀን ሲመለስም ይበላሻል። "5/3/2000" ማለት ኅዳር 5 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ኖቬምበር 15 ቀን 2007። ተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦት ከሆነ ግን የልጁ ዕድሜ ስምንት ዓመት ሊጠጋ በሚችል ልዩነት ይጨምራል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ቀን ዓመቱ ላይ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ባለው ደግሞ 8 ይደመራል። የልደት ቀኑ በወሩ የመጀመሪያ ቀን ወይም ልክ በመስከረም 1 ላይ የዋለ ከሆነ ቢሮ ውስጥ የተሞላ ግምት ሊሆን ስለሚችል፣ ፍለጋው ላይ ከፊትም ከኋላም ሁለት ሁለት ዓመት ጨምሩ።

ሦስተኛው ስም ነው። በኢትዮጵያ ሁለተኛው ስም የአባት ስም ነው፤ ከፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ በወጣው የልደት ምስክር ወረቀትና ፓስፖርት ላይ ግን ብዙ ጊዜ የተጻፈው የአሳዳጊው አባት ስም ነው። የወላጅ አባትን ስም የምታገኙት ከዚያ በፊት በተጻፉት ላይ ነው፦ በቀበሌው ደብዳቤ፣ በማሳደጊያው የመግቢያ ቅጽ፣ በፍርድ ቤቱ ውሳኔ ሐተታ። በላቲን ፊደል የተጻፈ ስም ደግሞ ብቻውን አይታመንም፤ ተ እና ጠ፣ ከ እና ቀ፣ ቸ እና ጨ አንድ ሆነው ይጻፋሉ። የእንግሊዝኛውን ወረቀት ይዞ መንደር የገባ ሰው የማይኖር ሰው ሲጠይቅ ይውላል። የአማርኛው ዋና ቅጂ፣ ወይም ክልሉ የሚሠራበት ቋንቋ ቅጂ፣ የግድ መታየት አለበት።

አራተኛው የቦታ ስም። ወረቀቱ "ደቡብ ብሔር ብሔረሰቦች" ቢል ያ ክልል ዛሬ የለም። ሀዲያና ከምባታ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል፣ ወላይታ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ነው የሚገኙት፤ ሲዳማም ራሱን ችሏል። አዲስ አበባ ውስጥ ድሮ በ"ከፍተኛ" እና በ"ቀበሌ" የተጻፈው አድራሻ ዛሬ ክፍለ ከተማና ወረዳ ሆኗል። የቢሮውን ሰው "ይህ ቀበሌ ዛሬ የቱ ወረዳ ውስጥ ገባ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ "የለም" የሚል መልስ ሲሰጣችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ ስሙ ነው የጠፋው።

መዝገቡ የት የት ተቀምጧል?

አንድ ጉዲፈቻ ቢያንስ አምስት ቦታ አሻራ ይተዋል። አንዱ ጋ ባይገኝ ሌላው ጋ ይገኛል።

ከታች ሲጀመር ቀበሌና ወረዳ አለ፤ የቤተሰቡን ድህነት ወይም የወላጅ ሞት የመሰከረው ደብዳቤ ከዚያ ነው የወጣው። ማሳደጊያው የመግቢያ ቀንና ያመጣውን ሰው ስም የያዘ ፋይል አለው። የተዘጉ ማሳደጊያዎች ብዙ ስለሆኑ፣ በሩ ተዘግቶ ካገኛችሁት በአካባቢው ያለውን የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ፋይሎቹ ወዴት እንደተዛወሩ ጠይቁ፤ በዚያው መንደር የሚኖሩ የቀድሞ ሞግዚቶችና ዘበኞችም ከፋይል የማይተናነስ ያስታውሳሉ። ቀጥሎ ሚኒስቴሩ ነው። በየዘመኑ ስሙ ተቀያይሯል፤ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ይባላል። አሳዳጊዎች ልጁ በሄደ በ3፣ በ6 እና በ12 ወር፣ ከዚያም 18 ዓመት እስኪሞላው በየዓመቱ ፎቶ ያለው የክትትል ሪፖርት እንዲልኩ ይጠበቅባቸው ነበር። ሁሉም አልላኩም፤ የተላከው ሪፖርት ግን ለአንድ እናት ከምንም በላይ ነው። ወላጆች ስለ ልጃቸው የመጣ ሪፖርት ካለ እንዲነገራቸው በጽሑፍ ማመልከቻ ይጠይቁ። ማመልከቻው ላይ የልጁ ስም፣ የማሳደጊያው ስም፣ የሄደበት ዓመትና አገር፣ የእናቲቱ መታወቂያ ቅጂ ይያያዝ፤ የማመልከቻውንም ቅጂ ማኅተም አስመትታችሁ አስቀሩ።

ፍርድ ቤቱ ሁሉንም አንድ ላይ የያዘ ነው። የውጭ አገር ጉዲፈቻ የሚጸድቀው አዲስ አበባ በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ስለነበር፣ ውሳኔው ላይ የመዝገብ ቁጥር፣ የአሳዳጊዎቹ ሙሉ ስምና አገር፣ ፈቃድ የሰጠው ወላጅ ወይም ማሳደጊያ ስም አለ። ልጁን የሰጠው ማሳደጊያው እንደሆነ ተደርጎ ስለተጻፈ የእናት ስም ውሳኔው ላይ ላይኖር ይችላል፤ አባሪዎቹን ጭምር ጠይቁ።

በአሜሪካ ያደገ ልጅ ሌላ ትልቅ በር አለው። አሳዳጊዎቹ ልጁን ለማስገባት ለኢሚግሬሽን ያቀረቡት የአይ-600 ማመልከቻና አባሪዎቹ በልጁ የኤ-ፋይል፣ ማለትም በኢሚግሬሽን መዝገቡ፣ ውስጥ ተቀምጠዋል። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው በመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረት የአሜሪካን የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት፣ ዩኤስሲአይኤስን፣ በኢንተርኔት ፋይሉን መጠየቅ ይችላል። የሚያስፈልገው የኤ ቁጥሩ፣ የኢትዮጵያና የአሜሪካ ስሙ፣ የልደት ቀኑና የወላጆቹ ስም ነው። ውስጡ አንዳንድ ጊዜ አሳዳጊዎቹ ራሳቸው አይተውት የማያውቁት የአማርኛ ወረቀት ይገኛል። አውሮፓ ላለ ልጅ ደግሞ በየአገሩ የጉዲፈቻ ማዕከላዊ ባለሥልጣን አለ። ሆላንድ ውስጥ ኢኔአ የተባለው የጉዲፈቻ ማዕከል፣ ቤልጅየም ፍላንደርስ ውስጥ የትውልድ ሐረግ ማዕከሉ አመጣጥ የሚፈልጉ ሰዎችን ያግዛሉ።

በመንገድ ላይ "ልጁን ሰጥታችኋል፣ ከእንግዲህ ምን አገባችሁ?" የሚል ባለሥልጣን ቢገጥማችሁ፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 183 በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደሚቀጥል ይላል። ሁለቱ ቤተሰቦች ሲጋጩ የአሳዳጊው ይበልጣል፤ የወለደው ግን ባዳ ሆነ አይልም። የውጭ አገሮቹ ሕግ እንዲህ ስለማያየው ይህ አንቀጽ ልጁን አያስመልስም፤ ቢሮ ውስጥ ግን አንገት ቀና አድርጎ ለመጠየቅ ይጠቅማል።

ሰውን በሰው መፈለግ

"ቤተሰብ ፍለጋ" የሚባለው በነፃ የሚያገለግል የመረጃ ቋት በሁለቱም ወገን ያሉ ሰዎች የሚመዘገቡበት ነው፤ እናትም ልጅም አሳዳጊም መመዝገብ ይችላሉ። ልጃችሁን የምትፈልጉ ቤተሰቦች ስልክ ያለው ወጣት አስቀምጣችሁ አስመዝግቡ። ሁለት ወገን ሳይተዋወቅ ሁለቱም ተመዝግቦ ሲገኝ ፍለጋው በአንድ ቀን ያልቃል።

ልጁ በኩል ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ሰው ተልኮ መንደር ይገባል። ይህን ሰው ስትመርጡ ከማሳደጊያው ወይም ከአገናኝ ድርጅቱ ጋር ሠርቶ የማያውቅ፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገር ይሁን። ክፍያው ተከፋፍሎ ይሰጥ፦ የትራንስፖርትና የአበል በፊት፣ የድካም ዋጋው ፍለጋው ሲያልቅ። ቤተሰቡን አገኘም አላገኘም የሚከፈለው አንድ መሆን አለበት። ሲያገኝ ብቻ የሚከፈለው ሰው ልጁን ያልወለደችውን ሴት "እናትህ ናት" ብሎ የማምጣት ፈተና ውስጥ ይገባል። ቤተሰቡን ካገኘ የሚያመጣው ማስረጃ የእናቲቱ ድምፅ በራሷ ቋንቋ፣ የቤቷና የቤተሰቧ ፎቶ፣ በእጇ ያለ የድሮ ፎቶ ወይም ወረቀት ነው።

ምሥጢር መጠበቅ ከሁሉ ይከብዳል። እናቲቱ ከልጁ በኋላ አግብታ ባሏ ስለመጀመሪያ ልጇ ላያውቅ ይችላል። ተላላኪው ቀበሌ ገብቶ "አሜሪካ ያለ ልጇ እየፈለጋት ነው" ካለ በማግስቱ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ትዳር ሊፈርስ፣ በቂም ልትሰደብ፣ ገንዘብ አገኘች ተብላ ልትዘረፍ ትችላለች። እሷን ለብቻዋ፣ በሴት አማካይነት ቢሆን ይመረጣል፣ ያገኛትና መጀመሪያ የሚጠይቃት "ስለዚህ ጉዳይ መስማት ትፈልጊያለሽ?" ብሎ ይሁን። መንደር ውስጥ አድራሻ ለማግኘት የእድር ዳኛ፣ የንስሐ አባት፣ አዋላጅ ነርስ ከቀበሌ ሊቀመንበር ይሻላሉ፤ ዝም ማለት ልማዳቸው ነው።

እናቲቱ መንደሯ ላይ ካልተገኘች ዓረብ አገር ሄዳ ይሆናል። ቤይሩት፣ ሪያድ፣ ኩዌት ያለች ሴት ፓስፖርቷ ላይ የተጻፈው ስምና ዕድሜ ከመንደር ስሟ ጋር ላይገጥም ይችላል። ቤተሰቦቿ በኢሞ ያገኟት ይሆናል፤ መንገዱ በእነሱ በኩል ነው።

የዲኤንኤ ምርመራ

ወረቀትና ምስክር ተስማምተው እንኳ ምርመራው አይቀር። ምርመራ ሳይደረግ ለዓመታት ሲጠያየቁ ከቆዩ በኋላ ዝምድና እንደሌለ መታወቁ ለሁለቱም ወገን ሁለተኛ ሐዘን ነው።

ሁለት ዓይነት አለ። በእጃችሁ የታወቀ እናት ካለች፣ በቀጥታ የእናትና ልጅ ማነጻጸሪያ የሚሠራ ላቦራቶሪ ይበቃል። ማንንም ካላወቃችሁ ግን ልጁ በትልልቆቹ የዘር ሐረግ ቋቶች፣ አንሴስትሪ ወይም ማይሄሪቴጅ፣ ይመርመርና ሌሎች ተመርማሪዎች ጋር የሚገጥመው ይታይ። ከኢትዮጵያ ውስጥ የተመረመረ ሰው ጥቂት ቢሆንም፣ ውጭ አገር የሚኖር የአክስት ልጅ ወይም ሌላ በጉዲፈቻ የሄደ ወንድም ሊወጣ ይችላል። ከአንድ ማሳደጊያ ለየአገሩ የተሰጡ ወንድማማቾች ሳይተዋወቁ የሚኖሩበት አጋጣሚ ስላለ በአንድ ቋት አትወሰኑ፤ ውሂቡን አውርዳችሁ ፋሚሊ ትሪ ዲኤንኤና ጌድማች ላይ ጫኑት። ማውረድ ሌላም ጥቅም አለው፤ ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ የተባለው የዲኤንኤ ምርመራ ኩባንያ በ2025 እ.ኤ.አ. የኪሳራ ጥበቃ ሲጠይቅ ፋይላቸውን ያላወረዱ ብዙ ሰዎች ደንግጠዋል።

ቁጥሮቹ ሲመጡ የሚለኩት ሁለት ሰዎች የሚጋሩትን ዲኤንኤ መጠን በሚያሳየው በሴንቲሞርጋን ነው። ወላጅና ልጅ ከ3,400 እስከ 3,700 ገደማ ይጋራሉ፤ ሙሉ ወንድምና እኅት በአማካይ ወደ 2,600፤ የአንድ ወላጅ ልጆች፣ አጎትና አክስት፣ አያት ሁሉም ወደ 1,750 አካባቢ፤ የአክስት ወይም የአጎት ልጅ ወደ 870። 1,750 ብቻውን "ግማሽ ወንድም" ወይስ "አጎት" እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ እናት በሕይወት ካለች እሷን ራሷን መርምሩ፤ ከሌለች ሙሉ እኅት ወይም ወንድም፣ ከዚያ በኋላ አክስት።

ለአረጋዊት እናት ምራቅ በቱቦ ከሚሞላ ይልቅ ጉንጭ በጥጥ የሚጠረግበት ይቀላል። ከናሙናው በፊት ለ30 ደቂቃ ምንም አይበላ፣ አይጠጣ፣ ጫትም ማስቲካም አይታኘክ። ቱቦው ላይ ያለው ኮድ ከመላኩ በፊት ይመዝገብ፤ ያልተመዘገበ ናሙና ውጤት አይመጣለትም። ናሙናውን አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚመለሰው መንገደኛ ነው፤ በእጅ ሻንጣ ይያዝ፣ ከፀሐይ ይራቅ።

ለእናቲቱ ምርመራው ምን እንደሆነ በቋንቋዋ ይነገራት፤ ደም እንደማይወሰድ፣ ለበሽታ ምርመራ እንዳልሆነም። አባት የተባለው ሰው አባት አለመሆኑ ሊታወቅ እንደሚችል አስቀድማችሁ አስቡበት። ውጤቱን መጀመሪያ የምትሰማው እሷ ትሁን፣ ለብቻዋ።

የመጀመሪያው ቃል

ልጁ ገና 18 ካልሞላው መጻፍ ያለባችሁ ለአሳዳጊዎቹ ነው። በ2009 ዓ.ም. ሕፃን ሆነው የሄዱት ገና ልጆች ናቸው። ልጁን በቀጥታ በኢንስታግራም ማግኘት ቀላል ነው፤ ግን አሳዳጊዎቹ ከደነገጡ በሩ ለዓመታት ይዘጋል።

ስልክ ከመደወል በፊት ደብዳቤ ይቅደም፤ ደብዳቤ ለብቻ ተቀምጦ ደጋግሞ ይነበባል፣ ይለቀሳል፣ ይታሰባል። አጭር ይሁን፣ በዚህ መንፈስ፦

"ልጄ፣ ስሜ እገሊት ይባላል። በእንዲህ ዓመት በእንዲህ ቦታ የወለድኩህ እናትህ ነኝ ብዬ አምናለሁ። ቤት ውስጥ እንዲህ ብለን ነበር የምንጠራህ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ሁለት እኅቶችም አሉህ። ከአንተ የምሻው ደኅንነትህን መስማት ነው። ላሳደጉህ ሰዎች አክብሮቴን አድርስልኝ። ለመመለስ አትቸኩል፤ በዚህ ቁጥር ሁልጊዜ ታገኘኛለህ።"

መጀመሪያው ደብዳቤ ላይ የማይገቡ ነገሮች አሉ፦ ገንዘብ፣ ሕመም፣ የቤት ኪራይ፣ "ወደ አንተ ውሰደኝ"። ችግሩ እውነት ቢሆንም እንኳ ይቆይ። በልጁ በኩል ደግሞ "ለምን ሰጠሽኝ?" የሚለው ጥያቄ ይቆይ። መልሱ ይመጣል፣ ግን እናት ካመነች በኋላ ነው። ብዙ እናቶች ልጁን ለዘለዓለም እንደሰጡ አልተረዱም ነበር፤ "ተምሮ ይመለሳል"፣ "በዓመት በዓመት ፎቶ ይመጣል" ተብለው ነው የፈረሙት። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ባገሩ ልማድ ልጅን ከዘመድ አያቆራርጥም። ይህን የማያውቅ ልጅ "ጣለችኝ" ብሎ አድጓል፤ ይህን የምታውቅ እናት "ሰረቁኝ" ብላ ኖራለች። አስተርጓሚው ሁለቱን ቃላት እንዳሉ ቢወረውራቸው ሁለቱም ይቆስላሉ፤ ለልጁ የቃሉን ታሪክ ያስረዳው።

አስተርጓሚ የእናት ቋንቋ የሚናገር ይሁን። ሀድይኛ፣ ከምባትኛ፣ ወላይትኛ፣ ሲዳምኛ ወይም ኦሮምኛ አፏን የፈታችበት ሴት በአማርኛ የምትመልሰው አጭርና ጨዋ መልስ ነው፤ ልቧ የሚወጣው በቋንቋዋ ነው። ዘመድ አያስተርጉም፤ ዘመድ የሚያሳፍረውን ይዘላል፣ የራሱንም ጉዳይ ያስገባል።

የመገናኘቱ ቀን

ልጁ ሲመጣ ቢያንስ አሥር ቀን ይዞ ይምጣ፤ ሦስት ጊዜ መገናኘት እንዲቻል። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዓት ይበቃል። ቦታው መንደር ባይሆን ይመረጣል፤ አዲስ አበባ ወይም የዞኑ ከተማ ውስጥ ጸጥ ያለ እንግዳ ማረፊያ፣ እናትና አንድ ሁለት ቅርብ ሰው ብቻ። መንደሩ ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ቀን ይደርሳል፣ የመንገዱ ጸጥታ አስቀድሞ ተጠይቆ።

እናት ልጇን ስታይ ልትጮህ፣ መሬት ልትወድቅ፣ እግር ልትስም ትችላለች። በዝምታ ያደገ ልጅ ደንግጦ ይደርቃል፤ እንባ አይመጣለትም። እናት "አልወደደኝም" ብላ ታስባለች። አስተርጓሚው ለሁለቱም በዋዜማው ይንገር፦ ለልጁ ጩኸቱ የታመቀ ለቅሶ እንደሆነ፣ ለእሷ የልጁ ዝምታ ጥላቻ እንዳልሆነ። ልጁ ከየዕድሜው አንድ አንድ የታተመ ፎቶ፣ ከ20 እስከ 30 ቢሆን፣ በአልበም ይዞ ይምጣ። እናት ያላየቻቸውን ዓመታት በጣቷ እየነካች ታያቸዋለች፤ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ይህን አይሰጣትም። አልበሙ እሷ ጋ ይቀራል።

ቤተሰቡ ለመስተንግዶ በግ ወይም በሬ ተበድሮ ሊያርድ ይችላል። ልጁ ይህን አያውቅም። ከመምጣቱ በፊት አስተርጓሚው የመስተንግዶውን ወጪ በዘዴ ከልጁ ተቀብሎ ለታላቅ ወንድም ይስጥ፤ ቤተሰቡ ዕዳ ላይ አይቅር። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ውኃ ሆዱ እንደማይችል፣ እንቢ ማለቱ ንቀት እንዳልሆነ ለእናት ይነገራት። ጉርሻ ግን እንዲቀበል ምከሩት፤ ለእናት ያ አንድ ጉርሻ ብዙ ዓመት የጠበቀችው ነው።

ገንዘቡ ከመጀመሪያው በግልጽ ይወሰን። በእጅ ለእናት ብቻ የተሰጠ ብር ማታውን በዘመድ ይከፋፈላል፤ የቀረበት ይቀየማል። የሚሻለው ከተስማማችሁበት ዓላማ ጋር የታሰረ ነው፦ የታናሽ እኅት ትምህርት ክፍያ በቀጥታ ለትምህርት ቤት፣ ሕክምና በቀጥታ ለሆስፒታል፣ ለእናት ደግሞ በባንክ ሒሳቧ በየጊዜው ሊቀጥል የሚችል ትንሽ መጠን። በአንዴ ብዙ ሰጥቶ መጥፋት ከመጀመሪያውም አለመስጠት ይከፋል። የማይችል ልጅ "አልችልም" ቢል እናቱ ትረዳለች፤ የምትቀየመው ሲዋሻት ነው። መሬት ይካፈለናል ብለው የሚሠጉ ወንድሞች ካሉም ልጁ ለዚያ እንዳልመጣ በሽማግሌ ፊት ቢናገር ነገሩ ይረግባል።

ከተመለሰ በኋላ

ከመገናኘቱ በኋላ የሚመጣው ጊዜ ከፍለጋው ይከብዳል፤ ሰው ግን አይዘጋጅበትም። በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ይደዋወላሉ። ከዚያ ልጁ ድንገት ዝም ይላል፤ አንድ ወር፣ አንዳንዴ ስድስት ወር። ይህ መተው አይደለም፤ ሁለት እናት፣ ሁለት ስም፣ ሁለት ቋንቋ ተሸክሞ መቆሚያ እየፈለገ ነው። እናት በዚህ ጊዜ በቀን አሥር ጊዜ ብትደውል ይበልጥ ይርቃል። በወር አንድ ቀን፣ የታወቀ ሰዓት ላይ፣ የ20 ደቂቃ ጥሪ ብትስማሙ ሁለቱም ይረጋጋሉ።

እናቲቱ የኖረችው ሐዘን ስም የለውም። የሞተበት ሰው ድንኳን ይጣልለታል፣ ለቅሶ ይደረስለታል፣ እድር ይቆምለታል። ልጇ በሕይወት ሄዶ የጠፋባት ሴት ለቅሶ አልተደረሰላትም፤ እንዲያውም "ታድለሽ፣ ልጅሽ አሜሪካ ነው" ተብላለች። ጎረቤትና እኅት ሊያደርጉላት የሚችሉት ትልቁ ነገር ያን ለቅሶ ዛሬ መድረስ ነው፦ ቡና አፍልቶ፣ ልጁን በስሙ እየጠሩ ማስወራት። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካላት፣ መሞትን ካነሳች፣ ጤና ጣቢያ ውሰዷት፤ አዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጠበል መሄዷ መድኃኒቱን አያስቀርም፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። አሜሪካ ያለ ልጅ በማንኛውም ሰዓት ራስን የማጥፋትና የአእምሮ ቀውስ እርዳታ መስመር ወደሆነው 988 መደወል ይችላል።

ፍለጋው መቃብር ላይ የሚያበቃም አለ። ያን ጊዜ ልጁ ቪድዮ ብቻ እንዲላክለት አትፍቀዱ። ይምጣ፣ መቃብሩ ላይ ይቁም፣ የእናቱን እኅት ይወቅ፣ ተዝካር ወይም ሰደቃ አብሮ ያውጣ፤ ከእሷ የቀረ ነጠላ ወይም ስኒ ካለ ይሰጠው። እናት "አልፈልግም፣ አትምጣብኝ" ያለችበትም አለ። ስልኩን ትታችሁ ተመለሱ፤ ባሏ ሲሞት ወይም ልጆቿ ሲያድጉ ራሷ የምትደውል አለች።

የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ሰው ቢጫ ካርድ የሚለው፣ በጉዲፈቻ የሄደ ልጅም የድሮ የኢትዮጵያ ፓስፖርቱን ይዞ ሊያመለክትበት የሚችል ነው፤ ካርዱ ካለው እየደጋገመ ሲመጣ ቪዛ አያስፈልገውም። የድሮው ፓስፖርት አሳዳጊዎቹ ቤት የሆነ መሳቢያ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ከመጣሉ በፊት ይጠየቅ።

ከመለያየታችሁ በፊት ደግሞ ስልክ ተለዋወጡ ስንል የእናቲቱን ቁጥር ብቻ ማለታችን አይደለም። ሲም ካርድ ይጠፋል፣ ስልክ ይሰረቃል፣ ልጅ ቁጥር ይቀይራል፤ ስንት ዓመት ተፈላልገው የተገናኙ ሰዎች በአንድ የተሰበረ ስልክ እንደገና ይጠፋፋሉ። የእናቲቱ፣ የአንድ ጎረቤት፣ የአንድ ከተማ የሚኖር ዘመድና የአስተርጓሚው ቁጥር፣ አራቱም፣ በወረቀት ተጽፈው አንዱ ቅጂ ለልጁ ይሰጥ፤ ሌላው በላስቲክ ተጠቅልሎ እናቲቱ ሣጥን ውስጥ፣ ሦስተኛው እድሩ ጸሐፊ ዘንድ ይቀመጥ።